የጄት ሞተር ብሌድ ሽፋን ጉልበት ይቀንሳል? በሦስት ዘንግ እንዴት እንደሚፈተሽ

ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ሸክላው አይጠነክርም፤ ላዩ ነው የሚስተካከለው። የጄት ሞተር ብሌድ ሽፋንም እንደዚያው ነው። ብሌዱ፣ ማለትም ትኩስ ጋዝ የሚያዞረው የተርባይን ክንፍ፣ የኒኬል ሱፐርአሎይ (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቅይጥ) ነው። ሽፋኑ ጋዙ እንዳይበላው ይከላከልለታል፤ ጭነት ግን እምብዛም አይሸከምም። እንዲያውም ከብሌዱ ጉልበት ትንሽ ይቆነጥራል። ምን ያህል? እንዲህ ይፈተሻል።

መጀመሪያ ከአንድ ቅይጥ ሦስት ዘንግ አዘጋጁ። አንዱ ይሸፈናል። አንዱ እንዳለ ይቀመጣል። ሦስተኛው ሳይሸፈን የመሸፈኛውን ሙቀት ብቻ ያገኛል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። ሱፐርአሎይ የሚጠነክረው ጋማ ፕራይም በሚባሉ የኒኬልና የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ነው። ምድጃ ውስጥ ሲቆዩ ቅንጣቶቹ ይወፍራሉ፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ሦስተኛው ከሌለ ጥፋቱ የሽፋኑ ይሁን የምድጃው በምን ይታወቃል?

ከዚያ መሸፈን። የቆየው ዘዴ ዘንጉን በአሉሚኒየም፣ በአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) እና በጥቂት አሞኒየም ክሎራይድ ዱቄት ቀብሮ፣ አርጎን ጋዝ በሞላው ምድጃ ማጋል ነው። ክሎራይዱ አሉሚኒየሙን በጋዝ መልክ ተሸክሞ ብረቱ ላይ ያደርሰዋል። በሰዓታት ውስጥ 50 ማይክሮን (0.05 ሚሊሜትር) ገደማ ቆዳ ይወጣለታል።

ቀጥሎ ሦስቱንም በ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ እኩል ጭነት አንጠልጥሉባቸው። በሙቀት ቀስ እያለ መለጠጡ ክሪፕ ይባላል። ጭነቱን ስታሰሉ ከመሸፈኑ በፊት የለካችሁትን ዲያሜትር ተጠቀሙ። ሽፋኑን ጨምራችሁ ካሰላችሁ የተሸፈነው ዘንግ ያለ ጥፋቱ ከባድ ጭነት ይወድቅበታል።

ውጤቱ ደህና ከመሰለ ቶሎ አትደሰቱ። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በሽፋኑ ምክንያት ዙሪያውን 0.05 ሚሊሜትር ቢከስር፣ የሚያጣው 3 በመቶ ገደማ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሌድ ግድግዳ ግን 1 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም ጎን 0.05 ቢወሰድበት 0.9 ይቀረዋል፤ ውጥረቱ (በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ጭነት) በ11 በመቶ ይጨምራል። የመለጠጡ ፍጥነት በውጥረቱ 5ኛ ፓወር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በ70 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከተቻለ ቀጭን ናሙናም ፈትሹ።

ከተበጠሰ በኋላ ቁረጡት፣ የተቆረጠውን ፊት አለስልሱት፣ በማይክሮስኮፕ እዩት። ከሽፋኑ ሥር አሉሚኒየሙ ወደ ውስጥ፣ ኒኬሉ ወደ ውጪ የተሰደዱበት ቀጠና አለ። ሬኒየም በበዛባቸው ቅይጦች እዚያ መርፌ የመሰሉ ቅንጣቶች ሊበቅሉ ይችላሉ፤ ስንጥቅም በእነሱ ሊጀምር ይችላል። ቆዳው ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ስለሆነ የድካም ፈተናውን (ጭነት እየደጋገሙ መፈተን) በዝቅተኛ ሙቀትም ለብቻው አድርጉ።

የክሪፑንም ፈተና በ100 ሰዓት አትቁረጡት። በአጭር ጊዜ ያልተሸፈነው ሊያሸንፍ ይችላል። ጊዜው ሲረዝም ግን ኦክሳይዱ ራቁቱን ዘንግ ይበላዋል፣ ነገሩም ሊገለበጥ ይችላል።