የእጅ አንጓዎን ሲያምዎ «ወለምታ ነው» ብለው አይለፉት፦ በኪንቦክ ሕመም ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ወንድሜ አናጺ ነው። ቀኝ አንጓውን ሲያመው ለወራት ዝም አለ። «የመዶሻው ነው፣ ይለቀኛል» ይል ነበር። አልለቀቀውም።

የሕመሙን ስም የሰማነው ቆይተን ነው፤ ኪንቦክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1910 በዝርዝር የጻፈበት የቪየናው የራጅ ሐኪም ሮበርት ኪንቦክ ነው። አንጓችን ውስጥ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ከእነሱ መሃል ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ደም ሲያጣ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ውሎ አድሮም ይደቃል። የሚበዛው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው።

ማሳሸት። እኛም መጀመሪያ የሄድነው ወጌሻ ጋ ነው። ግን እዚህ የወለቀ ነገር የለም፤ የጠፋው ደም ነው። ማሸትና መጎተት ለተዳከመ አጥንት ሌላ ጫና ነው። ጊዜም ይበላል።

ራጁ ንጹሕ ስለሆነ መተው። መጀመሪያ ላይ ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኤምአርአይ ግን ያሳያል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የአንጓዎ ጀርባ መሃሉ ላይ የሚያም ከሆነ፣ መታጠፍ ካስቸገረና ጭብጥዎ ከላላ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በማስታገሻ መኖር። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሕመሙን ያበርዳሉ እንጂ አጥንቱን አያድኑም። ሲቆዩ ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ደረጃውን ሳያውቁ ሕክምና መምረጥ። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሕመሙ 4 ደረጃዎች አሉት፣ ሕክምናውም እንደ ደረጃው ይለያያል። ገና ሲጀምር በጀሶ ወይም በድጋፍ አንጓውን ለሳምንታት ማሳረፍ ይሞከራል። አጥንቱ ሳይደቅ ከተደረሰበት፣ በትንሹ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት አጠር ያለ ሰው ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለውን በጥቂት ሚሊሜትር ያሳጥሩታል። ያኔ በታመመው አጥንት ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ከራሱ የደም ሥር ጋር አጥንት የሚተከልበትም አለ። ከደቀቀ በኋላ ግን ጎረቤት አጥንቶችን አንድ ሆነው እንዲያያዙ ማጋጠም፣ ወይም በክንድ በኩል ካለው ረድፍ 3 አጥንቶችን ማውጣት ይመጣል። መገጣጠሚያው በሙሉ ከተበላ አንጓውን ጨርሶ ማጋጠም ይቻላል። ያኔ አይታጠፍም፤ ጣቶች ግን ይሠራሉ። ስለዚህ «ለእገሌ እንዲህ ተደረገለት» ብለው አይወስኑ።

ጀሶውን ቶሎ ማውለቅ። ወንድሜ ሻል ሲለው በ3ኛው ሳምንት በመጋዝ ቆርጦ ጣለው። ሥራ ቀረብኝ ብሎ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን የሕመሙ መቅለል አጥንቱ ዳነ ማለት አይደለም። ሲጋራም ያጨስ ነበር፤ ሲጋራ የአጥንትን መጠገን ያዘገያል።

ሥራዎን ለሐኪሙ አለመናገር። ወንድሜ አናጺ መሆኑን የተናገረው በ3ኛው ቀጠሮ ነው፣ እሱም ተጠይቆ። አንዱ ቀዶ ሕክምና የእጅን ጉልበት፣ ሌላው መታጠፍን የበለጠ ይጠብቃል። ከመፈረምዎ በፊት እንዲህ ይበሉ፦ «በዚህ እጅ የምሠራው ይህን ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን ያህል ይታጠፍልኛል? ምን ያህልስ ያነሣልኛል?»