"10 ብር ጎድሏል!"፦ ልጆች በጭንቅላታቸው ማስላት እንዲለምዱ እንዴት እንርዳቸው?

ትልቋ ልጄ 3ኛ ክፍል ሳለች ሒሳብ ላይ ከ10 10 ነበር የምታመጣው። አንድ ቀን 100 ብር ሰጥቼ ሱቅ ላክኋት። የገዛችው 63 ብር ሆነ። ባለሱቁ 37 ብር መለሰላት። እሷ ግን "10 ብር ጎድሏል" ብላ ድርቅ አለች። ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁሉ ይስቃል።

ቤት ስትመጣ እንዴት እንዳሰላችው ጠየቅኋት። ጣቷን ቀስራ አየር ላይ ጻፈችልኝ። 100 ከላይ፣ 63 ከታች። "ከ10 3 ሲቀነስ 7። ከ10 6 ሲቀነስ 4። 47!" ደብተር ላይ ቢሆን ኖሮ የተበደረችውን ሰርዛ ምልክት ታደርግበት ነበር። አየር ላይ ምልክት አይቀመጥም።

ለካ ልጄ የምታውቀው በወረቀት ማስላት ነው። ወረቀት ላይ የሚጀመረው ከቀኝ፣ ከትንሿ ቁጥር ነው። ጭንቅላት ግን ከትልቁ ሲጀምር ይቀለዋል። ከዚያ ወዲህ ከእሷም ከታናሽ ወንድሟም ጋር ስታገል ቆይቻለሁ። ከ6 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ የሠራልኝ ይህ ነው።

1. 10ን የሚሞሉትን ጥንዶች አስይዙ

10 ፍሬ ባቄላ ቁጠሩ። ከፊሉን ጨብጡና የቀረውን አሳዩት። "ስንት ጨበጥኩ?" በሉት። 7 ባቄላ ሲያይ ሳይቆጥር "3" እስኪል ድረስ ነው ጨዋታው። በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ወጥ እስኪበስል ማለት ነው። ከዚያ ተራውን ስጡት፣ እሱም ይደብቅ። አንዳንዴ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። እናትን ወይም አባትን ማረም ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው።

ጣቱን ግን አትከልክሉት። እኔ "ትልቅ ልጅ በጣቱ አይቆጥርም" እል ነበር። ልጄ መቁጠሯን አልተወችም፣ እጇን ጠረጴዛ ሥር ደበቀች እንጂ። ጥንዶቹ ሲገቡት ጣቱን ራሱ ይተወዋል።

2. 10ን መሻገር

8 ሲደመር 5 ስንት ነው? ጥንዶቹን የያዘ ልጅ ከ5ቱ ላይ 2 ቆርሶ ለ8 ይሰጥና 10 ይሞላል። 3 ይቀረዋል። 13።

ለዚህ የተሻለ መሣሪያ ገዝቼ አላውቅም፤ የእንቁላል ካርቶን ነው። 30 እንቁላል የሚይዘው ባለ 5 በ6 ነው። በመቀስ ለሦስት እኩል ስትቆርጡት እያንዳንዱ 10 ጉድጓድ ይኖረዋል። በአንዱ 8 ባቄላ ይደርድር። ከዚያ 5 ስጡት። 2ቱ ክፍቱን ይሞላሉ፣ 3ቱ ወደ ሁለተኛው ካርቶን ይሻገራሉ። ልጁ በዓይኑ ያየዋል።

ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚማር ከሆነ ይህን ጨዋታ በአማርኛም አጫውቱት። "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ" ጆሮ ላይ ይምታታሉ። "አሥራ አምስት" ግን 10 እና 5 መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ውጭ አገር ያላችሁም ብትሆኑ ይህቺ ትጠቅማችኋለች፤ ቋንቋውንም በዚያው ይለማመዱታል።

3. መልስ መቁጠር

ዋናው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝም ይኸው ነው።

ዘዴውን ያገኘሁት ከአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ 63 ብር ሆነ እንበል። 100 ብር ስሰጣት አትቀንስም። መዳፌ ላይ ብር እያስቀመጠች ወደ ላይ ትቆጥራለች። "63" ትላለች። 7 ብር ታስቀምጥና "70"። ከዚያ ሦስት አሥር ብር፤ "80፣ 90፣ መቶ።" አለቀ። መበደር የለም፣ መሰረዝ የለም። ስንት እንደመለሰችልኝ ማወቅ ከፈለግኩ እጄን ማየት ነው።

ቤት ውስጥ ሱቅ ክፈቱ። እውነተኛ ብር ተጠቀሙ፦ የ1፣ የ5፣ የ10 እና የ50። የፕላስቲክ መጫወቻ ብር ገዝቼ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። እውነተኛ 50 ብር ሲይዙ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ልጁ ባለሱቅ ይሁን፣ እናንተ ገዢ። ልክ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ዋጋው ድፍን ይሁን፤ 60፣ 40፣ 80። ከ100 ብር መልስ ይስጥ። ሁለት ሦስት ቀን እዚሁ ቆዩ። እዚህ ላይ የሚመጣ አንድ ስህተት አለ፤ ትንሹ ልጄ ለሳምንት ያህል ሠርቶታል። ከ70 እስከ 100 ስትሉት "70፣ 80፣ 90፣ 100" ብሎ አራት ጣት ያነሣና "40" ይላችኋል። የቆመበትንም ቆጥሮታል። ብነግረው ብነግረው አልገባ አለው። በመጨረሻ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ የምንሥልበት ጠመኔ አመጣሁና መሬት ላይ 70፣ 80፣ 90፣ 100 ጻፍኩ። 70 ላይ አቆምኩትና "ዝለል፣ ዝላይህን ቁጠር" አልኩት። ሦስት ጊዜ ዘለለ። የቆሙበት እንደማይቆጠር እግሩ ነው ያስተማረው።

ቀጥሎ ከአሥር በታች ያለውን ጨምሩ፤ 63፣ 48፣ 85። አሁን ሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ አሥር፣ ከዚያ እስከ መቶ። የመጀመሪያው እርምጃ የባቄላው ጨዋታ ነው፤ 3 ሲባል 7። ባቄላውን የዘለለ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይቀጣል። ተመልሳችሁ ተጫወቱት፤ አያሳፍርም።

ሦስተኛ፣ ብሩን አንሡት። ልጁ በባዶ እጁ "7... እና 30... 37" ይበል። እዚህ ብዙ ልጅ 30ው ላይ ሲደርስ 7ቱን ይረሳዋል። አትቆጡ። 7ቱን በጣቱ እንዲይዝ ወይም ጮክ ብሎ እንዲደግመው አድርጉ። ከዚያ 200 ብር አምጡ። 138 ብር ቢሆንስ? 2 ተጨምሮ 140፣ 60 ተጨምሮ 200። 62።

መልሱ ትክክል ሲሆንም ሲሳሳትም ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፤ "እንዴት አሰብሽው?" ልጄ 47 ስትል "ተሳስተሻል" ብዬ ዝም ብል ኖሮ ያንን አየር ላይ የተጻፈ ሒሳብ አላየውም ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ሱቅ መላክ። ወረፋ በሌለበት ሰዓት ላኩ፤ ሰው ከኋላ ቆሞ እያየ ጭንቅላት አይሠራም። መልሱ ስንት እንደሚሆን ከቤት ሳይወጣ ይናገር። በነገራችን ላይ፣ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ልጆች መልስ የሚባል ነገር እየቀረባቸው ነው። የተባለውን ልክ ልከን እንወጣለን። እኔ ለዚህ ብዬ ጥቂት ጥሬ ብር ቤት አስቀምጣለሁ። ባለሱቁ "ዝርዝር የለም" ብሎ በ1 ብሩ ፈንታ ማስቲካ ከሰጠ ደግሞ ልጁ ይቁጠረው፤ 36 ብር እና አንድ ማስቲካ። ትንሹ ልጄ ይህን ሒሳብ ከሁሉም በላይ ይወዳል።

4. ማባዛት

ሰንጠረዡን በቃል መያዝ ያስፈልጋል፣ ማምለጫ የለውም። ግን በሦስት አቋራጭ ጀምሩ። በ4 ማባዛት ሁለቴ ማጠፍ ነው። የታክሲ ረዳትን ስሙ፤ 4 ሰው በ15 ብር ሲሆን 30፣ 60 ብሎ ይጨርሳል። በ5 ማባዛት የ10 ግማሽ ነው፤ 5 ጊዜ 8 የ80 ግማሽ፣ 40። በ9 ማባዛት ከ10 እጥፉ ላይ አንድ ጊዜ መቀነስ ነው፤ 9 ጊዜ 7 ማለት 70 ሲቀነስ 7፣ 63።

የእኔን ጥፋት አትድገሙ። ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ ለትልቋ ልጄ "20 ጥያቄ በ1 ደቂቃ" የሚል ውድድር ጀመርኩላት። የመጀመሪያው ሳምንት ሳቅ በሳቅ ነበር። በሁለተኛው ማታ ማታ ሆዷን ያማት ጀመር። "7 ጊዜ 8?" ስላት "54! አይ፣ 58!" ትላለች። ሰዓቱ ሲሮጥ ማሰቡን ትታ መገመት ለመደች። ሰዓቱን ከተውኩት በኋላም ለወራት መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቴን ታይ ነበር። ፍጥነት ከለመዱት በኋላ ራሱ ይመጣል።

የስልክ ጨዋታዎቹን ብዙም አልወዳቸውም፤ አብዛኞቹ ያው ሰዓት ናቸው፣ ቀለም ተቀብተው። ለአባከስ (በዘንግ ላይ በተሰኩ ዶቃዎች ማስያ) ሥልጠና የሚከፍል ይክፈል፤ እኔ ባቄላዬ ይበቃኛል። ካልኩሌተር ግን ጠላት አይደለም። ልጁ መጀመሪያ መልሱን ይናገር፣ ካልኩሌተሩ ዳኛ ይሁን።

5. ቀንና ሰዓት

መልስ መቁጠር የቻለ ልጅ ይህን አንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል፤ ዘዴው ያው ነው። አሁን 1፡45 ነው፣ ትምህርት 2፡20 ይጀምራል። እስከ 2 ሰዓት 15 ደቂቃ፣ ከዚያ 20። 35 ደቂቃ አለን፤ ጫማህን አድርግ።

ቀን ላይ ደግሞ የእኛ አቆጣጠር ለልጅ ይመቻል። 12ቱም ወር 30 ነው። ዛሬ 23 ከሆነና ልደቱ በሚቀጥለው ወር በ8 ከሆነ፣ 7 እና 8፣ 15 ቀን። ውጭ ያላችሁ 31 የሚሆኑትን ወሮች መጀመሪያ ማስያዝ ይኖርባችኋል።

ባለፈው ነሐሴ 23 ቀን ትንሹን "አዲስ ዓመት ስንት ቀን ቀረው?" አልኩት። ወዲያው "8" አለ። 7 እስከ 30፣ ከዚያ መስከረም 1። እህቱ "ጳጉሜስ?" ብላ ጮኸችበት። ትንሽ አሰበና 5 ጨምሮ "13" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ጳጉሜ ማስቲካው ናት ማለት ነው?" ሲል ጠየቀኝ።