ለጎልማሶች የፍላይ ፊሺንግ ትምህርት እንዴት ይዘጋጃል?

ፍላይ ፊሺንግ ዝንብ በምትመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ («ዝንብ») በዘንግና በክር ዓሣ መያዝ ነው። የባሌዎቹ ዌብና ዳንካ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተራባ ትራውት የሚባል ዓሣ አለባቸው። ተማሪዎቻችሁን ወደዚያ ከመውሰዳችሁ በፊት ግን የመጀመሪያውን ቀን ሣር ላይ አውሉት። ውኃ ዳር የቆመ ጀማሪ ዓይኑ ዓሣው ላይ ስለሚሆን እጁን አያይም።

ለእያንዳንዱ ሰው 2.7 ሜትር የሆነ ቁጥር 5 ዘንግና ቁጥር 5 ተንሳፋፊ ክር ያዙ። ቁጥሩ የክሩን የክብደት ደረጃ ያሳያል፤ የሁለቱ ካልገጠመ ዘንጉ በወጉ አይጎብጥም። በመንጠቆ ፈንታ ጫፉ ላይ ደማቅ የሱፍ ቁራጭ እሰሩ። ለአንድ አስተማሪ 4 ሰው ይበቃል። መነጽርና ባርኔጣ ግዴታ ነው።

የሚያስቸግረው ወደ ኋላ መወርወሩ ነው። እዚህ የሚወረወረው የክሩ ክብደት እንጂ ዝንቧ አይደለችም፤ ክሩ ከኋላ ካልተዘረጋ እግር ሥር ይከመራል። ጎልማሳ ይህን ሲያይ ጉልበት ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ይብስበታል።

ስለዚህ 8 ሜትር ያህል ክር አውጥተው፣ በሚወረውሩበት እጅ በኩል ያለውን እግር ወደ ኋላ አድርገው፣ አንገታቸውን አዙረው ክሩን ራሳቸው ይዩት። ዘንጉ ከራስ ትንሽ አልፎ ይቁም፤ ክሩ ተዘርግቶ ሊያልቅ ሲል ወደ ፊት ይመለስ። ክሩ በረዘመ ቁጥር ጥበቃውም ስለሚረዝም «አንድ፣ ሁለት» እያሉ መቁጠር አያዋጣም። እንደ ጅራፍ ከጮኸ ቸኩለዋል። ከኋላ ሣሩን ከመታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አንጓቸው ታጥፏል፤ የዘንጉን ግርጌ ረጅም እጅጌ ውስጥ ከተው ይያዙት። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ማሰሪያ ትርፍ ወጪ ነው።

የውጭ መምሪያዎች ዘንጉ የሚቆምበትን ቦታ በሰዓት ፊት 10 እና 2 ይሉታል። በእኛ አቆጣጠር «10 ሰዓት» ካላችሁ ዘንጉን ወደ መሬት የሚደፋ አይጠፋም፤ በእጃችሁ አሳዩ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ያጥራል። በየ20 ደቂቃው አስቀምጣችሁ ዝንቧ ከክሩ ጋር የምትታሰርበትን ቋጠሮ አስተምሩ፦ 5 ጊዜ መጠምዘዝ፣ ጫፉን መልሶ ማሾለክ፣ በምራቅ አርጥቦ ማጥበቅ። በደረቁ የጠበቀ ክር በፍትጊያ ስለሚጎዳ ዓሣ ሲይዝ ይበጠሳል።

ወንዝ የሚወርዱት የፓርኩን ፈቃድ ካወጣችሁ በኋላ፣ ውኃው በጠራበት በበጋ ነው። ትራውት ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ስለሚቆም ከታች ወደ ላይ ይጠጉት። የመንጠቆውን ሾህ በፒንሳ ደፍጥጡ። የሚለቀቅን ዓሣ በደረቅ እጅ አይንኩት፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን ይገፈፋል።