ካሎሪው የቀነሰ ኮልስሎው በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራ

ኮልስሎው፣ ማለትም በማዮኔዝ የሚለወሰው የጥሬ ጥቅል ጎመን ሰላጣ፣ ካሎሪው በዛ ሲባል ጥቅል ጎመኑ ጥፋት የለበትም። መቶ ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን 25 ገደማ ካሎሪ ቢኖረው ነው፤ ካሮትም ከ40 ብዙ አይርቅም። ጭነቱ ያለው ማዮኔዙ ላይ ነው። ማዮኔዝ አብዛኛው ክፍሉ ዘይት በመሆኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ከ90 እስከ 100 ካሎሪ ይይዛል። ለስድስት ሰው በሚሆን ሰላጣ ላይ 220 ግራም ማዮኔዝና ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባ፣ እያንዳንዱ ሰው ከምሳው ጎን 300 ካሎሪ ያህል ጨምሮ ይነሳል።

መፍትሔው ማዮኔዙን በእርጎ መተካት ብቻ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ሳህኑ ስር ውሃ ያቁራል፣ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ባለሙያውም ተሸንፎ ማዮኔዙን ይጨምርበታል። ጥቅል ጎመን ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ ውሃ ነው። ጨው ሲነካው ያን ውሃ ይለቃል፣ ማጣፈጫውንም ያቀጥነዋል። ስለዚህ ውሃውን አስቀድሞ ማስወጣት ያስፈልጋል። ያኔ ጥቂት ማጣፈጫ ለብዙ ጎመን ይበቃል።

ጅማ ላይ የሚያስፈልገው ነገር ሂርማታ ገበያ በአንድ ዙር ይሟላል፦ ግማሽ ኪሎ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት መካከለኛ ካሮት፣ አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ ሁለት ሎሚ፣ 300 ግራም እርጎ፣ ጥቂት ሰናፍጭ፣ ማርና ጨው። ማዮኔዝ ለሽታውና ለልስላሴው አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ጨርሶ ባይኖርም ሰላጣው አይበላሽም።

ጎመኑን በእጅዎ አንስተው ይመዝኑት። ከመጠኑ በላይ የሚከብደውንና ሲጫኑት የማይሰረጉደውን ይምረጡ። ጅማ ዝናብ የማይጠግብ ከተማ ነውና በክረምት የሚመጣው ጎመን አንዳንዴ ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ስንጥቁ ጭቃና ትል ስለሚያስገባ፣ ቢረክስም ይለፉት።

ጥሬውን የሚበላ ነገር ስለሆነ እጥበቱ ላይ አይቸኩሉ። የላይኞቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ገፈው ይጣሉ፤ ከዚያ አራት ቦታ ሰንጥቀው በንጹህ ወራጅ ውሃ ይጠቡት። በአቼቶ መዘፍዘፍ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ይረዳል እንጂ በደንብ ማጠብን አይተካም። ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያና ቢላዋም ሳያጥቡ ለዚህ አይጠቀሙበት።

አሁን ደረቁን እንብርቱን አውጥተው ጎመኑን በተሳለ ቢላዋ እንደ ክር አቅጥነው ይክተፉት። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ለአንድ ደቂቃ ያህል በእጅዎ አሽተው ወንፊት ላይ ያድርጉትና ከስሩ ሳህን ያስቀምጡ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይተዉት። ከወንፊቱ አፍ በላይ ተቆልሎ የነበረው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሳህኑም ውስጥ ፈዛዛ አረንጓዴ ውሃ ይጠራቀማል። አንዱን ክር አንስተው ያጥፉት፦ ሳይሰበር ከታጠፈ፣ ጥርስ ስር ግን አሁንም ቅርጭጭ ካለ ደርሷል። በጭብጥ በጭብጥ እያነሱ ጨምቁት፤ እዚህ ላይ መራራት አያስፈልግም። ጨው ከበዛበት በንጹህ ውሃ ለቅለቅ አድርገው እንደገና ይጭመቁት።

ጎመኑ ውሃውን በሚለቅበት ጊዜ እርጎውን ያጥልሉ። ንጹህ ነጭ ጨርቅ በሌላ ወንፊት ላይ ዘርግተው እርጎውን ያፍስሱና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። አንድ ሁለት ሰዓት ከቆየ ግማሽ ያህል ይቀራል፤ ማንኪያ ሲያዘነብሉ የማይፈስ፣ ለማዮኔዝ የቀረበ ውፍረት ይኖረዋል። እንዲያውም ጊዜ ካለዎት ከጎመኑ ቀድመው ቢጀምሩት ይሻላል። የወጣውን አጓት አይድፉት፤ ይጠጣል። ድፍን ብሎ የረጋ ጥሩ ኢቲቱ (በኦሮሞ ባህል የሚዘጋጅ ወፍራም እርጎ) ካገኙ ደግሞ ማጥለሉ ራሱ ብዙም አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፦ ወተቱ ሳይፈላ የረጋ እርጎ ብሩሴሎሲስን የመሳሰሉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን አፍልተው፣ ለብ ሲል በጥቂት እርጎ ቢያረጉት ወይም ከሱቅ የታሸገውን ቢገዙ ሐሳብዎ ያርፋል።

ማጣፈጫውን ለመሥራት፣ የጠለለውን እርጎ ከማዮኔዙ፣ ከአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማርና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ ጋር ይምቱት። የእርጎው ዓይነት ስለሚለያይ ሁለተኛውን ሎሚ እየቀመሱ ይጨምሩ። ሰናፍጩን አይዝለሉት፤ ዘይቱ ሲቀነስ የሚጎድለውን ኃይል የሚሞላው እሱ ነው። በማሩ ላይ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አያወፍርም የሚል ወሬ አለ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 64 ገደማ ካሎሪ አለው፣ በመጠን ከሚያክለው ስኳር ይበልጣል። የጅማ ማር መዓዛው ጠንካራ ስለሆነ አንዲት የሻይ ማንኪያ ስሟን ታስጠራለች። ኮረሪማ ሊጨምሩ የሚያስቡም አይጠፉም፤ እኔ ግን ለቡናው ቢተዉት እመርጣለሁ።

ካሮቱን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀው፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን አድቅቀው ከተጨመቀው ጎመን ጋር ይቀላቅሉ። ማጣፈጫውን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይድፉበት፤ ሁለት ሦስተኛውን ጨምረው ያገላብጡና ይቅመሱ። ጨው ገና አሁን ነው የሚታየው፣ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም። ከማቅረብዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቢያርፍ ሽንኩርቱ ይለዝባል። በዚህ መንገድ የተሠራው ለስድስት ሲከፈል ለአንድ ሰው 80 ካሎሪ አካባቢ ይደርሰዋል።

ለጾም ከሆነ እርጎውም ማዮኔዙም ይወጣል፤ ቦታቸውን አንድ የበሰለ አቮካዶ ይይዛል። ጅማና ዙሪያዋ አቮካዶ በየጓሮው ስለሆነ ወጪው አያስፈራም። ከሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ከሰናፍጩና ከጥቂት ውሃ ጋር ልስልስ እስኪል ይፍጩት። መቶ ግራም አቮካዶ 160 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከእርጎው ቢከብድም ከማዮኔዙ ሩቡን እንኳን አይሞላም። ሎሚው መጥቆሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ ስለዚህ የዕለቱን ብቻ ይሥሩ።

የእርጎው ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ቀን ይቆያል። መብራት የሚጠፋ ከሆነ ጎመኑንና ማጣፈጫውን ለየብቻ ማስቀመጥና ሲበሉ መቀላቀል ይሻላል። ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ግን ለነገ አይመልሱት።