ኬሞ ሆድ ሲያውክ
ከጥቁር አንበሳ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወስዶ የሚመለስ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህቺን ያዙልኝ። ሲያስቀምጠው በርበሬ፣ ጥሬ ሰላጣ፣ ወተትና ቅባት የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቅር። ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ቀጠን ያለ የዶሮ ሾርባ ይሻላል፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ጠያቂው ሁሉ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» እያለ ሲያጨናንቀው ማስቆም የአስታማሚ ሥራ ነው። ፒያሳ ወርዶ ክትፎ የሚያመጣም አይጠፋም፤ ጥሬ ሥጋ ግን የመከላከል አቅሙ ለወረደ ሰው አደገኛ ነው። ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከፋርማሲ ግዙ፤ የ1 ሊትሩን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጣችሁ በየመሃሉ ስጡት። የሆድ ድርቀት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፓፓያ፣ አጃ፣ ብዙ ውሃ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ወይም ሰገራው ላይ ደም ከታየ ግን ምግብ መቀያየሩን ትታችሁ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።