ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣ አልገዛም

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ባሕር ዳር ያለችው ትንሿ ምግብ ቤቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ ዓሣ እበልታለሁ። አምስት ትልልቅ ነጭ ዓሣ በርካሽ አግኝቼ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያውን ሆድ ስቀደው ዕንቁላል ተዘረገፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስቱም! ዕንቁላሉን ለድመት ሰጠሁት። ማታ ለአጎቴ ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ መረብ የጣለ ሰው ነው። ሲኒውን አስቀመጠና «አንቺ ልጅ፣ የከርሞውን ገበያሽን እኮ ነው ለድመት ያበላሽው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አገዛዜን ቀየርኩ። እንዴት እንደምገዛ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን እወቁ። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። አጥኚዎች ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ቆጥረዋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ይወጣሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ጠጠሩ ላይ ነው። ጣጣው መንገዳቸው መታወቁ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ለሚጠብቅ ሰው ዓሣው ራሱ ይመጣለታል። አንዳንዱ ደግሞ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ ይበትናል። ብርብራ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉንም ነው የሚያንሳፍፈው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ በጥናት ተለክቷል።

አዋጅ የለም እንዳትሉኝ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ግን አዋጅ ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ አያድርም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ገበያ ላይ አለሁ።

ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ነጭ ዓሣ አልገዛም። ፍልሰታም እዚሁ መሐል ይገባል፤ ሥጋው ሲቀር ዓሣ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ።) በእነዚህ ወራት የምሠራው ቆሮሶ ነው፣ ቲላፒያ የሚሉት። ቆሮሶም ክረምት ላይ ይራባል፣ አልክድም። ግን እንደ ነጭ ዓሣ ተሰልፎ አንድ ወንዝ አፍ ላይ አይከማችም። እናቲቱም ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። አምባዛም አለ፤ ሥጋው ወፍራም፣ ዋጋውም ቀለል ያለ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ አልበላም የሚል ደንበኛ ግን ብዙ ነው፣ እሱን አልከራከርም።

ሁለተኛ፣ ሙሉ ዓሣ ግዙ። ፊሌቶ ከተደረገ በኋላ ምን ዓሣ እንደነበር፣ ስንት ያህል እንደነበር በምን ታውቃላችሁ? እኔ ሜትር አልይዝም። አውራ ጣቴንና ትንሿን ጣቴን ዘርግቼ ዓሣው ላይ አስቀምጣለሁ። ስንዝር ያልሞላ ቆሮሶ ገና አንዴም ያልወለደ ሊሆን ይችላል፣ እመልሰዋለሁ። ሻጩ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። አሁን ትንንሾቹን እኔ ስመጣ ከጎን ያደርጋቸዋል። ለሌላ ሰው ይሸጣቸው እንደሆን እንጃ።

ትኩስነቱንም በሙሉ ዓሣ ነው የምታዩት። ዓይኑ ጎላ ብሎ ያብረቀርቃል። የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን እዩት፤ ቀይ ከሆነ ጥሩ፣ ቡናማ ከሆነ እለፉት። በጣት ስትጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ የትናንት ነው፣ ምናልባትም የትናንት ወዲያ።

ሦስተኛ፣ ጠይቁ። የት ተያዘ? በምን መረብ? ሻጩ ካላወቀ ራሱ መልስ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ላስቲክ የሚመስል መረብ አለ፣ ርካሽ ነው። ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ሲቀር አይበሰብስም፤ ማንም ሳያወጣው ዓሣ ሲይዝ ይኖራል። አጎቴ ስሙን ሲሰማ ይተፋል።

ገንዘቡም ላይ ትንሽ ልበል። በደንገል ታንኳ የሚወጣ አስጋሪ ሌሊት ሄዶ ጠዋት ይመለሳል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳውን ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ዓሣው ደግሞ ፀሐይ ሳትበረታ ካልተሸጠ ይበላሽበታል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ረፋዱ ላይ በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ ከአንድ አስጋሪ ጋር ማክሰኞና ዓርብ ተስማምተናል። ዋጋው ቀድሞ የተቆረጠ ነው። ያመጣው ዓሣ ጥቂት ቢሆንም ዋጋውን አልቀንስበትም። ባዶ እጁን የመጣ ቀን ሽሮ እሠራለሁ። ለቤታችሁ የምትገዙም ሦስት አራት ጎረቤት ሆናችሁ እንዲህ መስማማት ትችላላችሁ።

የመጨረሻው ማድቤት ውስጥ ነው። ከአንድ ቆሮሶ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ሲሶው ያህል ነው፤ ራሱና አጥንቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ጡር ነው! ስንጥቡን አውጥታችሁ ጣሉት፣ ሾርባውን ያመርረዋል። ራሱንና አጥንቱን በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳችሁ በቀስታ አንተክትኩት፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። አጥልሉት። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። ራሶቹን ለብቻ አስቀምጣቸዋለሁ። ዓሣ ሲመጣ ከምሳ ሰዓት በፊት ደርሶ «ዓይኑን ለማንም እንዳትሰጪብኝ» የሚል አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አለኝ።