ጋሻዬ አልሞላ አለኝ፦ ችግርና መፍትሄ

በተኩስ ቪዲዮ ጌሞች ውስጥ መሮጥና ማነጣጠር ታውቃላችሁ ብዬ፣ ከጤናችሁ በፊት ጉዳቱን ወደሚቀበለው መከላከያ፣ በቀጥታ ወደ ጋሻው ልግባ።

«ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ጋሻው አይሞላም፣ እሞታለሁ።»

ሃሎ (Halo) የተባለውን የተኩስ ጌም የሚጫወቱ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚያመጡልኝ ችግር ይህ ነው። ጋሻው አልተበላሸም። መመታታችሁ ካቆመ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ መሙላት የሚጀምረው ከዚያ ነው። በዚህ መሃል አንዲት ጥይት ከነካቻችሁ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ፈንጂም ይሁን ጭረት፣ ለቆጠራው ያው ነው።

አንድ ጓደኛዬ ከድንጋይ ጀርባ ይደበቃል። ወዲያው ብቅ ይላል። አንድ ግራንት (ትንሹ የሃሎ ጠላት) በፕላዝማ ሽጉጥ፣ ማለትም ከጥይት ይልቅ የጋለ ኃይል በሚተፋ መሣሪያ፣ ይነካዋል። ይመለሳል፣ እንደገና ብቅ ይላል። «ጌሙ ተበላሽቷል» አለኝ። «እስኪ ዝም ብለህ ቁም» አልኩትና ጮክ ብለን አብረን መቁጠር ጀመርን። ቆጥረን ሳንጨርስ የመሙላት ድምፁ መጣ። ያን ቀን ሙሉ የተጣላው ከራሱ ችኮላ ጋር ነበር።

ሌላዋ ደግሞ በደንብ ተደብቃለች፤ ግን አይሞላላትም። ጠጋ ብዬ ሳይ ትከሻዋ ከግድግዳው ውጭ ነው። በሌላ ጌም ደግሞ ሰውነቷ ላይ እሳት እየነደደ ጋሻ ትጠብቃለች! እሳቱም ጉዳት ነው፣ መጀመሪያ ይጥፋ።

መፍትሄው፦ ጋሻው ሳያልቅ አፈግፍጉ። ሙሉ በሙሉ ተሸሸጉ። የመሙላት ድምፁን ስትሰሙም አትውጡ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የጋሻ መስመር እስኪሞላ ጠብቁ። አንድ ቦታም አትክረሙ፤ የተደበቃችሁበትን ያዩ ጠላቶች ቦምብ ይወረውሩላችኋል። ሁለተኛ መሸሸጊያ አስቀድማችሁ ምረጡ። እባካችሁ፣ ሙዚቃ ከፍታችሁ የጌሙን ድምፅ አታጥፉ።

«ጋሻው ሞልቶም ቶሎ እሞታለሁ።»

እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የመጀመሪያው ሃሎ ከጋሻው ሥር ያለው ጤና በራሱ አይመለስም። የሕክምና ሳጥን ፈልጉ።

«የጠላት ጋሻ አልሰበር አለኝ።»

የእሱም ጋሻ እንደ እናንተው ይሞላል። ግማሹን አፍርሳችሁ ስትሸሹ ዕረፍት ሰጣችሁት ማለት ነው። ሃሎ ላይ ጋሻን ፕላዝማ፣ ሥጋን ጥይት ይጎዳል። የፕላዝማ ሽጉጡን ቃታ ይዛችሁ ኃይሉን አጠራቅሙና ልቀቁት። የኤሊቱ (ጋሻ ያለው የሃሎ ጠላት) ጋሻ በአንዴ ይወርዳል። ወዲያው መሣሪያ ቀይራችሁ ጭንቅላቱን በጥይት ምቱ። «ወዲያው» ያልኩት በምክንያት ነው።

«ትልቅ ጋሻ ለበስኩ፣ ባሰብኝ።»

ቦርደርላንድስ (Borderlands) በተባለው ሌላ የተኩስ ጌም ላይ ጋሻ ሦስት ቁጥር አለው፦ አቅም፣ የመሙላት ፍጥነት፣ መሙላት እስኪጀምር የሚፈጀው ጊዜ። ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይለብሳል። ይህ ያናድደኛል፤ ሦስቱም እኮ ፊታችሁ ተጽፈዋል! አቅሙ ትልቅ ሆኖ ለመጀመር የሚዘገይ ጋሻ በየመሃሉ ለሚመታ ሰው አይሆንም። ፊት ለፊት የምትዋጉ ከሆነ ትንሽና ፈጣኑን ውሰዱ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ ጋሻው ጭራሽ በራሱ የማይሞላበት ጌም አለ። እዚያ መሙያ ዕቃ ይዛችሁ ዙሩ፤ ዕቃውን ስትጠቀሙም ከለላ ውስጥ ሁኑ።